ለሁለት ሰው፣ ለአንዲት ድመትና ለእናያለን የሚሆን ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈላጊን ደላላ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? አምሽቶ የሚገባ አለ? ለእነዚህ ሁሉ የሚያኮራ መልስ አለን። ሁለት ነን፤ ልጅ ገና ነው፤ እንግዳችን ሳይመሽ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከብርድ ልብስ ውጭ ታይቼ አላውቅም። ደላላው ደስ ብሎት አከራይ ጋ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ ነው ባለቤቴን ሐቀኝነት የሚነሳባት። «ውሻ አለን» ትላለች። ደላላው ስልኩን ይመልሳል። «ድመትም» ትጨምራለች፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር።

ከጋብቻችን በፊት ይህች ሴት እንዲህ ሐቀኛ መሆኗን ማንም አልነገረኝም።

የምንኖረው ኮተቤ፣ ግቢ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው፤ አከራያችን እትዬ ደግ ሴት ናቸው። ችግሩ የተጀመረው ውላችን ሊያልቅ ሲቃረብ «ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው። የዚህ ከተማ ተከራይ ይህን ልጅ በደንብ ያውቀዋል። በየግቢው ሊመጣ ነው፤ በየዓመቱ ሊመጣ ነው፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ ያየው ግን የለም። እሱ መጣም አልመጣም ኪራዩ ከፍ ይላል።

ስለ ውሻው ስም አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ነገር ብልግና ይመስላል። ስሙ እናያለን ነው። የመጣው ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው ከአማቴ ቤት ነው። በዚያ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው፤ ፊት ለፊት መናገር የሚያስነውረውን ነገር ሰው ውሻውን ጠርቶ ይናገረዋል። አማቴ ከድንበርተኛቸው ጋር በወሰን ድንጋይ ተጣልተው ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ እንደደረሰ ቡችላው ተወለደ። በየማለዳው አጥሩ ሥር ቆመው «እናያለን! ና እናያለን!» ሲሉ ድንበርተኛው መልእክቱን በሚገባ ይቀበል ነበር። በኋላ ታረቁ። ከእርቅ በኋላ ደግሞ ያንን ስም በዚያ አጥር ሥር መጥራት እርቅ ማፍረስ ስለሚሆን ውሻው ከነስሙ ለእኛ ተሰጠ።

እንግዲህ እትዬ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «ከሐምሌ ጀምሮ ኪራዩን ትንሽ ላስተካክለው ነው» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ እየሰማሁ ሳለ የግቢው በር ክፍት ኖሮ ውሻው ወደ መንገድ ሊወጣ ሆነ። ባለቤቴ ከውስጥ፣ በሙሉ ድምጿ፣ «እናያለን!» አለች።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ ደግሞ የውሻው ስም መሆኑን ያውቁታል ብዬ ተጽናናሁ። ያውቁታል፤ ግን ያን ቀን ማወቅ አልፈለጉም።

ቤት ፍለጋ ወጣን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለእኛ ቢጤው ብዙ ነገር አቅልሏል፤ ውል ከሁለት ዓመት በታች እንዳይሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ድሮ የስድስት ወር በአንዴ ቁጠሩ እንባል እንደነበር ለማያስታውስ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለውሻ ባለቤት ግን የሁለት ዓመቱ ነገር ሌላ ሒሳብ አለው። ውሻ ባብዛኛው አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢኖር ነው። «ለጊዜው ዘመድ ጋ እናስቀምጠውና በኋላ እናመጣዋለን» ያልነው ውሻ የዕድሜውን አንድ ስድስተኛ ዘመድ ጋ ይጨርሳል ማለት ነው።

ልባችንን የወሰደው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቤት ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ባየች ጊዜ ፊቷ ላይ የታየውን ብርሃን በሠርጋችን ቀንም አላየሁትም። ካቢኔት አለው። ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው፤ ስትከፍተውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውሃ መጣ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ኪራዩ እትዬ «ካስተካከሉት» ብዙም አይበልጥም። ለሥራዬም ቅርብ ነው። ደላላው እጁን እያፋተገ ነው። ቀርቶ የነበረው የብሎኩን ኮሚቴ ሰብሳቢ ማነጋገር ብቻ ነው።

ጊዜው የፋሲካ ዋዜማ ሰሞን ነበር። ደረጃው ላይ፣ የሁለተኛ ፎቅ ብረት ላይ ታስሮ፣ አንድ ቀንዳም ሙክት በግ ቆሟል። በፊቱ ሣር ተበትኗል፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ ነገር ተበትኗል። በእሱ ጎን ቀጠን ብለን አልፈን ሰብሳቢው ዘንድ ደረስን።

«ውሻ ክልክል ነው» አሉ፣ ገና ቁጭ ሳንል። «መተዳደሪያ ደንብ አለን። ንጽሕና አለ፣ ጩኸት አለ፣ ሕፃናት አሉ።»

በየዓመቱ የማሳድሰውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ስጋቱ ቀልድ አይደለም፤ ያ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚተላለፈውም ባብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በደንብ አዩት። ማኅተሙንም አዩት። ከእኔ የክትባት ታሪክ የእናያለን የተሟላ ነው። «ጎበዝ» ብለው መለሱልኝ፤ «ግን ክልክል ነው።»

በዚህ መሐል ከደረጃው «ባአአ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ያ በግስ?» አልኩ።

«እሱ እኮ ይታረዳል!» አሉኝ፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነው በሚል ዓይን እያዩኝ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አሰብኩ፤ እንከን አላገኘሁለትም። እንዲያውም መንግሥት የኮንዶሚኒየም ሳይቶችን ሲሠራ የጋራ መገልገያ የሚባል ለብቻው ሠርቶልናል፤ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት። በጉ በንድፍ የታሰበለት ነዋሪ ነው። የሚታረድ ሁሉ ይገባል፤ የማይታረድ ይከለከላል። የቤት እንስሳን የሚመለከት የከተማችን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ውሻ ብቻ ከዚህ ሕግ በላይ ኖሯል፤ የጃንሆይ ቺዋዋ ሉሉ፤ መኖሪያውም ቤተ መንግሥት ነበር፤ ኮሚቴም አልነበረበት።

ቤቴል አካባቢ ያየነው ሌላ ቤት ግቢ ነበረው። ባለቤቱ ሐጂ፣ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ለስላሳ አነጋገር ያላቸው ሰው፣ ስለ ድመቷ ስንነግራቸው ፊታቸው በራ። ድመት በሃይማኖታቸው ንጹሕ እንስሳ መሆኗን፣ ከሰው ጋር በአንድ ቤት ብትኖርም ነውር እንደሌለው አስረዱን፤ ደግሞም ጣራው ላይ አይጥ አለ። ስለ ውሻው ስንነግራቸው በትህትና ዝም አሉ። ምራቁ ዕቃ ቢነካ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለ። «ከውጭ በር ላይ ቢሆንስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለኝ» አሉኝ፤ ዘበኛውም ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እንጀራውን ሊወስድበት የመጣ ሰው አድርጎ ተመለከተኝ።

ወዳጆቻችን በበኩላቸው መካሪ ሆነው ተነሡ። «ለሆነ ሰው ስጡት» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይህን «የሆነ ሰው» ያውቀዋል፤ አድራሻውን ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አንዱ ደግሞ እንጦጦ ወስደህ ልቀቀው አለኝ። ያ ወዳጄ እንጦጦ ላይ ጅብ እንዳለ ያውቃል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ልጆቹን እንድጠብቅለት ሲጠይቀኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ።

የድመቷ ነገር የባሰ ነው። ውሻ ከሰው ጋር ይሄዳል፤ ድመት ግን የቤት ናት። ውሻውን ትተን ሰሚት ብንገባ እንኳ፣ ጫኝና አውራጆች አይሱዙው ላይ ዕቃውን ሲከምሩ (ለፍራሹ የሚጠይቁትን ዋጋ ለአልጋው ጠይቀው፣ ለአልጋው የሚጠይቁትን ለፍራሹ) እሷ በማዳበሪያ ታስራ፣ በጭኔ ላይ ሆና፣ ሰሚት ድረስ ትጮሃለች። የእንስሳት ሐኪሙ አዲሱ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዘግታችሁ አቆይዋት ብሎናል፤ ካልሆነ ወደ ኮተቤ ትመለሳለች። ከዚያ እኔ በሥራ ሰዓት እትዬ ግቢ ጣራ ሥር ቆሜ «ውሮ፣ ውሮ» እላለሁ። እትዬ ደግሞ በመስኮት ያዩኛል።

ልንለቅ እንደሆነ እትዬ በሰሙ ጊዜ የመጡት ፊታቸውን አጥቁረው ነው።

«መሄዱን ሂዱ» አሉ። «ውሻውን ግን ተዉልኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ለካ እናያለን ሁለት ዓመት ሙሉ የመላውን ግቢ በር ሲጠብቅ ከርሟል። የእትዬን ዶሮዎች ከሸለምጥማጥ፣ የእትዬን ልብስ ከሌባ፣ የእትዬን እንቅልፍ ከጅብ አስጥሏል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ የእኛ ግን በእኛ እየበላ ለእትዬ ይጮሃል። ዘበኛ ቢቀጥሩ ደመወዝ አለ፤ ካፖርት አለ፤ የማታ ሻይ አለ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ በወረቀት ደመርኩትና ኪራዩ ላይ ከሚጨምሩት ጋር አስተያየሁላቸው። ወረቀቱን ያለ መነጽር አነበቡት።

«ፍርፋሪውን የምሰጠው እኮ እኔ ነኝ» አሉ።

እውነት ነው፤ ይሰጡታል። በተለይ የበዓል አጥንት። ግን ልጃቸው ከአሜሪካ የሚመጣበት ጊዜ ከዚያ ቀን ወዲህ እየራቀ ሄደ፤ «ማስተካከሉም» ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትይዘው ያህል ብር ሆነ። ሰሚት ላይ ያለውን ቤት ሌላ ሰው ተከራየው፤ ውሻ የሌለው።

ባለቤቴ ግን ያንን ካቢኔት አልረሳችም፤ እኔም ቧንቧውን አልረሳሁም። ስለዚህ ለጊዜው ቆይተናል እንጂ አልቀረንም። ግቢ ያለው፣ ውሃው ቤት ውስጥ የሚመጣ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የምታከራዩ ካላችሁ፣ ለሁለት ወር የሚሆነው ቅድሚያ ክፍያ እጃችን ላይ አለ። ክትባቱ የተሟላ፣ ሌሊት የማይተኛ ዘበኛ ያለ ደመወዝ ይዘን እንመጣለን። ድመቷ አይጥ ትይዛለች ብዬ ግን ውል ላይ አልፈርምም።