ታርጋ ያላወጡት ፊያቶች

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ስታመራ የነበረችው «ኡምብሪያ» የተባለች የጣሊያን መርከብ ፖርት ሱዳን አጠገብ ሰመጠች። ያሰመጣት ጠላት አይደለም፤ የገዛ ካፒቴኗ ነው። አገሩ ጦርነት ማወጇን በሬዲዮ ሲሰማ፣ ጭነቱን እንግሊዝ ከሚወርሰው ባሕር ይብላው አለ። ጭነቱስ? በሺህ ቶን የሚቆጠር ቦምብና ፊያት መኪኖች። ጣሊያን አመጣላችኋለሁ ያለን «ሥልጣኔ» መሆኑ ነው እንግዲህ!

ዛሬ ቱሪስቱ የታመቀ አየር በጀርባው አዝሎ፣ ለብ ባለው የቀይ ባሕር ውኃ ሊጎበኛት ይጠልቃል። አያቶቻችን ነፍሴ አውጪኝ ብለው የሸሹትን ቦምብ እሱ ከፍሎ ያየዋል። ፊያቶቹም ታርጋ ሳያወጡ፣ ትርፍ ጫናችሁ የሚል ትራፊክ ሳይነካቸው፣ ዓሣ ጭነው ቆመዋል። ሥልጣኔውን ዓሦቹ ተረከቡልን፤ እግዜር ይስጣቸው።