እንግዳን በእንግሊዝኛ ለማሳሳት የሚበጁ አምስት ምክሮች

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለሆነች መንገድ ጠያቂ እንግዳ አይጠፋባትም። ይህን እንግዳ በእንግሊዝኛ ማሳሳት የፈለገ እነዚህን ይከተል።

አንደኛ፦ መንገድ ማሳያ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ተቀምጠህ ሸምድድ። «ተርን ሌፍት» ስትል ግራ እጅህን አታንሳ። እንግዳው ፊት ለፊትህ ከቆመ በራስህ ግራ ንገረው፤ ለእሱ ቀኝ ነው። ከጎኑ ቆመህ ፊትህን እሱ ወደሚሄድበት ካዞርክ ግን በትክክል ታሳየዋለህ።

ሁለተኛ፦ ምልክት አትስጥ። «ኦፖዚት ዘ ባንክ» ወይም «ኔክስት ቱ ዘ ሞስክ» ካልክ ቦታውን ያገኘዋል። «ዜር፣ ዜር» እያልክ በአገጭህ ጠቁም።

ሦስተኛ፦ ባቲ የሚሄደውን «ስትሬት፣ ስትሬት» ብለህ አሰናብተው። ባቲ ከከሚሴ ጋር በአንድ ዞን ያለች ከተማ ብትሆንም በአስፋልቱ የሚኬደው በኮምቦልቻ በኩል ነው፤ እዚያ መንገዱ ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ደሴ፣ ሌላው ወደ ባቲና ሚሌ። «አት ኮምቦልቻ ተርን ራይት» የሚሉትን አራት ቃላት ከነፈግከው የባቲ የሰኞ ገበያ ያምረው እንደሆነ እንጂ አይደርስበትም።

አራተኛ፦ ርቀቱን ሲጠይቅህ «ኒር» በል። በእግር ይሁን በባጃጅ አትለይለት። ከጨፋ ሜዳ ከብት እየነዳ ለሚመጣ ሰው ቅርብ የሆነው፣ ሻንጣ ለሚጎትት ሰው ቅርብ አይደለም።

አምስተኛ፦ ባታውቀውም አሳየው። እንግዳን ባዶ አፍ መመለስ ነውር ስለሚመስለን የማናውቀውን ቦታ እንጠቁማለን። ትክክለኛው አክብሮት «አይ ዶንት ኖው፣ ሌት አስ አስክ» ብሎ አብሮት የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነው።

እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሲነጋገሩ ያደጉ የከሚሴ ልጆች ለሦስተኛው ቋንቋ አያንሱም፤ የጎደላቸው በእግር እየሄዱ መለማመድ ነው። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ከመናኸሪያው ተነሱ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ያሳይ። ጠያቂው «ሶ፣ ስትሬት፣ ዘን ሌፍት?» ብሎ የሰማውን መልሶ ያረጋግጥ፤ ከዚያም በተነገረው ልክ ብቻ ይራመድ። ስህተት ካለ መንገዱ ራሱ ያርማችኋል።