እናትን ለሕክምና ወደ ኮሎምበስ የማምጣት ጥበብ

እናትዎ አዲስ አበባ ታመዋል፤ እርስዎ ደግሞ የሚኖሩት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ወንድምዎ በእኩለ ሌሊት ደውሎ «እናንተ እያላችሁ!» ብሏል። ይህ ከተባለ በኋላ ሐኪሙም፣ ቆንስሉም፣ ባንኩም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሥራውን እኛ በለመድነው ቅደም ተከተል እንዲያካሂዱት እመክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድመው የጥሪ ደብዳቤ ይጻፉ። ይርዘም። እናትዎ እርስዎን ለማሳደግ ያዩትን መከራ ከነቀኑ ይዘርዝሩ። የዜግነት ወረቀትዎን፣ የቤት ኪራይ ውልዎን፣ የመጋዘን ሌሊት ፈረቃ ደመወዝዎን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተጻፈልዎትን ምስክርነት አያይዙ። ከዚያ ኖታሪ ዘንድ ሄደው ማኅተም ያስመቱበት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጎብኚ ቪዛ ለመጠየቅ የጥሪ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃለ መሐላ እንደማያስፈልግ፣ ውሳኔውም በእነዚህ ላይ እንደማይመሠረት በግልጽ ጽፏል። አይመኑት። ማኅተም አይቶ የማይደነግጥ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ መኖሩን የሚያምን ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላገኘሁም።

ኤምባሲው ለሕክምና ከሚሄድ ሰው ሊጠይቅ የሚችለው ሌላ ነው። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በሽታው ምን እንደሆነና ለምን አሜሪካ መታከም እንዳስፈለገ የሚያስረዳበት ደብዳቤ፣ ሁለተኛው እዚህ ያለው ሆስፒታል «እንቀበላለን፤ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን ያህል ያስወጣል» የሚልበት ደብዳቤ፣ ሦስተኛው ደግሞ ትራንስፖርቱን፣ ሕክምናውንና ኑሮውን የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እነዚህን ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ይጀምሯቸው። ቀደም ብለው ከጀመሩ ነገሩ ይሳካና የሚያወሩት ያጣሉ።

ኮሎምበስ በሆስፒታል አትታማም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዌክስነር ሕክምና ማዕከል አለ፤ በእሱ ሥር ጄምስ የተባለው የካንሰር ሆስፒታል አለ፤ ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታልም አለ። የመጨረሻው ለቤትዎ ቅርብ ቢሆንም እናትዎን አይቀበልም፤ ስሙ ላይ ተጽፏል። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት የሕክምና መዝገቡን በእንግሊዝኛ፣ ምስሉን ደግሞ በሲዲ ማየት ይፈልጋሉ። እርስዎ ግን ወንድምዎ ኤምአርአዩን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም የላከልዎትን ይላኩላቸው። የወንድምዎ አውራ ጣት ጥግ ላይ ይታያል፤ ግድ የለም። የዋጋ ግምቱ ሲመጣ ተቀምጠው ያንብቡት፤ ወደ ብርም አይመንዝሩት። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ ወዲህ ይህ ልማድ ለደም ግፊት አይመከርም።

የአዲስ አበባው ሐኪም ደብዳቤ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሳል፤ ሕክምናው አገር ቤት የለም ወይ? ይህን ጥያቄ ቤተሰብ ውስጥ ማንም እንዳያነሳው ይጠንቀቁ፤ ለአንዳንዱ በሽታ መልሱ «አለ» ነውና። ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበርን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማኅበሩ ለዓመታት ሕፃናትን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲልክ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። የኩላሊት ንቅለ ተከላም እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ያገዘውም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። (የመጨረሻውን መረጃ በአሜሪካ ፉትቦል ወቅት ኮሎምበስ ውስጥ ጮክ ብለው አይናገሩ፤ ኦሃዮ ስቴት ከሚሺጋን ጋር ሲጋጠም እዚህ ከተማ «ኤም» የምትባል ፊደል ከየሰሌዳው ላይ ትሰረዛለች።) ችግሩ ወረፋውና የመሣሪያው እጥረት እንደሆነ፣ ሐኪሙም ይህንኑ በትክክል ቢጽፈው እንደሚበቃ የሚነግርዎ ሰው ካለ ይቀየሙት።

ገንዘቡን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። እቁብ ሲደርስዎት በማግስቱ ሙሉውን ባንክ ያስገቡና ስቴትመንቱን ያትሙ። የቆንስሉ ሠራተኛ «ለዓመት ባዶ የነበረ ሂሳብ ባለፈው ማክሰኞ እንዴት ሞላ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የእቁብን አሠራር በመስኮት ቆመው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት የእናትዎ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ። ሕንድ ለታካሚ ብቻ የሚሰጥ የሕክምና ቪዛ፣ ለአስታማሚም የተለየ ቪዛ አላት። አሜሪካ ግን የሚታከመውንም የሚጎበኘውንም በአንድ «ቢ ሁለት» ቪዛ ታስገባለች። ሕጉም፣ በቁጥሩ 214 (ለ) እየተባለ የሚጠራው፣ አመልካቹ ሊቀር ነው ብሎ ይነሣል፤ አለመቅረቱን የማሳመን ሸክም የአመልካቹ ነው። ስለዚህ እናትዎ ውቅያኖስ ለመሻገር የሚያበቃ ሕመም፣ ተመልሶ ለመሻገር የሚያበቃ ጤና ሊኖራቸው ይገባል። ልጃቸው ወጪውን የሚችል ሀብታም፣ ግን እዚያው ሊያኖራቸው የማያስብ ጨካኝ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ እንዲያስታውሱ እህትዎ ሌሊቱን ሙሉ ታስጠናቸው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ለምን ይሄዳሉ?» ይባላሉ። እውነቱን ይናገራሉ፦ «ልጄን ናፍቄ፤ እግረ መንገዴን ወገቤን እንዲያዩልኝ።» ሐኪሙ የጻፈው ስለ ጣፊያ ነው።

ፎርሙን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ኮምፒውተር ይዞ ለተቀመጠው ልጅ ይስጡት። ፈጣን ነው። እናትዎ ሥራ እንዳላቸው፣ ቤት እንዳላቸው፣ አሜሪካ ዘመድ እንደሌላቸው ሳይጠየቅ ይሞላል። ይህ የመጨረሻው መልስ እርስዎን ከምድረ ገጽ ያጠፋዎታል፤ የጥሪ ደብዳቤዎ ግን እናትዎ እጅ ላይ ነው። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ቅጣቱ ላንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ለዘለቄታው ሊያሳግድ ይችላል።

ቪዛው ከተገኘ ደስታው ቶሎ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በወጣው መመሪያ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኖ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ተደርጓል። ሦስት ወሩ መግቢያ ነው እንጂ መቆያ አይደለም፤ የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው ደለስ ወይም ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርቱን የሚያየው ሠራተኛ ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ሐኪሙ «ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ካለ ሁሉም ከደብዳቤው ይጀመራል። ወንድምዎ ደግሞ ኮሎምበስ ዋሽንግተን አጠገብ እንደሆነች ስለሚያምን ከደለስ በመኪና እንዲወስዷቸው ይነግርዎታል። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ታማሚ ይዘው በተራራ በኩል።

የማመልከቻው ክፍያ 185 ዶላር ነው። ቢከለከሉ አይመለስም፤ ይግባኝም የለም። እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ እንደገና 185 ዶላር ከፍሎ።