ማነው ፍስስ ያለው?

እስክንድርያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር

ለውድ እናቴ፣ ለአባባ፣ ለአቡሽ፣ እንዲሁም ደጃችንን ረግጦ ለገባ ሁሉ፤

አቡሽ፣ ደብዳቤውን ጮክ ብለህ ታነባለህ። እንዳለፈው ጊዜ መሀል ላይ «ለአቡሽ ጫማ እልካለሁ» የሚል ከራስህ እንዳትጨምር፤ እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ስትዋሽ አፍንጫህን እንደምትነካ ታውቃለች።

በስልክ ያልነገርኳችሁ የስልካችሁን ጠባይ ስለማውቅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ጋሼ ታዬ ከጓዳ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል፣ እማዬ «ከሳህ ወይ?» ትላለች፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ይህ ደግሞ በቁራጭ የሚነገር ወሬ አይደለም።

እትዬ በለጡ ማኅበር ላይ «ልጁ ግብጽ ቀረ» ማለታቸው እዚህ ድረስ ተሰምቷል። የኔዋ እስክንድርያ ከዋሽንግተን ወንዝ ተሻግሮ ፖቶማክ ዳር ያለችው ናት፤ ንገሩልኝ። ሐበሻ ሞልቶባታል፤ አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አማርኛ ብቻ ተናግሬ እገባለሁ። አባባ ብርዱ ከደብረ ብርሃን ይብሳል ወይ ብለው ለጠየቁት ደግሞ፣ ኧረ ወዲያ! እዚህ በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ ሕዝቡ ዳቦና ወተት ሊሻማ ሱቅ ይወርራል። የኛ ሰው ቢሆን ጋቢውን ደርቦ ማኅሌት ይቆም ነበር። እኔም የፋብሪካችንን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ለጥ እላለሁ።

ነገሩም የመጣው ከዚያው ብርድ ልብስ ነው። አከራዬ አንድ ቀን ክፍሌን ሊያዩ ወረዱ። ምድር ቤት ነው የምኖረው፤ እማዬ፣ ጉድጓድ እንዳይመስልሽ፣ መስኮት አለው፣ የአላፊ አግዳሚውን እግር ያሳያል። አፍንጫቸውን ወደ አልጋዬ መለስ አድርገው «ይሄ ነገር በግ በግ አይሸትም?» አሉ። በነጋታው ግድግዳዬ ላይ አንድ ነጭ ፕላስቲክ ተሰቅሎ አገኘሁ።

አከራዬ ላይ መፍረድ አይገባም። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው፣ ቤት የገዙ ሴት ናቸው። በዚህ ዓለም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ቁሌት። እዚህ በክረምት መስኮት አይከፈትም። ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ መንጫጫት ሲጀምር ሽታው መውጫ ያጣና ቀጥ ብሎ ወደ ካፖርት ይሄዳል፤ ካፖርት ደግሞ እንደ ነጠላ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ስለዚህ ሐበሻ ቤት ድስት ከመጣዱ በፊት ካፖርት ሁሉ ተሰብስቦ ቁም ሣጥን ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። አከራዬም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ግን መሥሪያ ቤታቸው ሊፍት ውስጥ አንዲት ፈረንጅ «የሽንኩርት ሽታ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች። በደህና ትጠይቅ በነገር፣ እሷ ታውቃለች። አከራዬ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ሱቅ ሄደው በራሱ ሽቶ የሚረጭ ማሽን ለየክፍሉ ገዙ።

አሁን እዚህ ቤት ሳይረጩህ የምታደርገው ነገር የለም። በር ስትከፍት፣ ፍስስ። ካፖርት ልትሰቅል ስትጠጋ፣ ፍስስ። ቆሻሻ ልትጥል ጎንበስ ስትል፣ ፍስስ፣ ያውም ዓይንህ ላይ። መጸዳጃ ቤት ገብተህ መብራት ስታበራ ደግሞ ገና ምንም ሳታደርግ ፍስስ፤ አስቀድሞ ተፈርዶብሃል።

አባባ «እንዴት አወቀ?» ማለትዎ አይቀርምና አንዱን ፈታትቼ አይቼልዎታለሁ። ሆዱ ውስጥ የሽቶ ጣሳ አለ፣ ከሥሩ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ከላይ የጣሳውን አናት የሚጫን ትንሽ ሞተር። ገሚሱ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ በየ9፣ በየ18 ወይም በየ36 ደቂቃው ብለው ይሞሉታል። ግንባሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ግን የሰው ገላ ሙቀት ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ያውቃል። የመጸዳጃ ቤቱ ብርሃን ሲያይ ይነቃል፣ ሲጨልም ይተኛል። አንዴ ከተፋ በኋላ ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ለተወሰነ ጊዜ ያርፋል። ይህችን ዕረፍት ልብ በሉልኝ፤ መዘዝ አላት።

እማዬ፣ የሽታዎቹን ዓይነት ብነግርሽ ትስቂያለሽ። አንዱ ላቬንደር ነው፤ ይሁን። ሌላው ግን «የታጠበ አንሶላ» ይባላል። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥር ላይ የምታሰጪው፣ ፀሐይ በነጻ የምትሠራው ሽታ በጣሳ ታሽጎ ይሸጣል! እዚህ ልብስ ደጅ ማስጣት በብዙ ሰፈር እንደ ነውር ይታያል። መጀመሪያ ገመዱን አስጠሉን፣ ቀጥለው ሽታውን ሸጡልን።

አባባ በፍሊት ቤቱን ነፍተው እኛን ከትኋኑ ጋር ደጅ ያሳደሩበትን ሌሊት አልረሳሁም። የዚህ ጣሳ ዘር ከዚያ አይርቅም። ፈሳሽን በጋዝ ግፊት ከጣሳ የማስተፋቱን ብልሃት ያመጣው ኤሪክ ሮተይም የሚባል የኖርዌይ መሐንዲስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለወታደሮቻቸው የወባ ትንኝ መግደያ አደረጉት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ተሸቀርቅሮ ሳሎን ገባ። ያን ጊዜ የሚገፋው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚበላ ሆኖ ተገኘና እዚህ አገር በፈረንጆቹ 1978 ከአብዛኛው ጣሳ አስወጡት። ዛሬ የሚገፋው ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ የቡታጋዛችን ሥጋ ዘመድ። ስለዚህ ከሰል አጠገብ ክልክል ነው። ይህችንም ልብ በሉ።

በራሱ የሚሠራ ዕቃ ከተነሣ ግን ይልቅ የገረመኝ የእትዬ በለጡ እስክንድርያ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበረ ሄሮን የሚባል ሊቅ፣ ሳንቲም ሲጥሉበት የሳንቲሙ ክብደት ዘንግ ተጭኖ ለቤተ መቅደስ የሚሆን ውኃ የሚያፈስ ዕቃ በመጽሐፉ ጽፏል። ጳጳስ ከዚያው ከእስክንድርያ ስናስመጣ ኖረን በ1951 ዓ.ም. የራሳችንን ፓትርያርክ እስክናገኝ ድረስ አንዱም ያቺን ዕቃ ይዞልን አለመምጣቱ የደብራችንን ገንዘብ ያዥ ሳያንገበግባቸው አይቀርም።

ወደ ጉዱ ልመለስ። ከጥምቀት በኋላ አከራዬ ቤታቸውን ሊያስባርኩ የንስሐ አባታቸውን ጠሩ። ከጎጃም የመጡ፣ ዜማ ያደላቸው፣ በአዘቦት ቀን ታክሲ የሚነዱ አባት ናቸው። ስለ ማሽኖቹ የነገራቸው የለም። አከራዬ ለምደውት ፍስስታው አይሰማቸውም፤ እኔም ጓሮ ሆነው ከሰል የሚያያይዙትን አከራዬን ሳግዝ ቆይቼ የገባሁት ጸሎቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

አባታችን ሳሎኑ መሀል ቆመው፣ በግራ መስቀል በቀኝ ጠበል ይዘው፣ «በስመ አብ» ብለው እጃቸውን ዘርጋ አድርገው ረጩ። ከግድግዳው በኩል፣ «ዝዝ… ፍስስ!»

ቆም አሉ። ወደ ዲያቆኑ ዞሩ። ዲያቆኑ ወደኔ ዞረ። እኔ አጠገቤ ወዳሉት አሮጊት ዞርኩ። አሮጊቷ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ማነው ፍስስ ያለው?» አሉ አባታችን።

ጋሼ ታዬ ባለመኖሩ ተጠርጣሪ ጠፋ።

ደግመው ረጩ። ዝም። ማሽኑ ዕረፍት ላይ ነዋ! «ለቀቀ» አሉ በለሆሳስ፣ ወደ ኮሪደሩም አለፉ። እግራቸው ኮሪደሩን እንደ ረገጠ ሌላኛው «ፍስስ!» አለ። «ወዲህ ነው የገባ!» ብለው እጥፍ አድርገው ረጩበት። ኮሪደሩም ጸጥ አለ። ወጥ ቤት ሲገቡ ከቆሻሻው ዕቃ በላይ ያለው ተቀበላቸው። ከወጥ ቤት ሲያባርሩት ካፖርቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። እሳቸው በጠበል፣ እሱ በላቬንደር፤ ክፍል ለክፍል ተሳደዱ። አሮጊቶቹ ከኋላ እልልታውን አቀለጡት። አንዷማ «ስሙን ይናገር! ሳይናገር እንዳይለቁት!» ይላሉ። አባታችንም መስቀሉን ወደ ካፖርቶቹ ዘርግተው «ማን ትባላለህ?» ሲሉ፣ ከበሩ ማዶ ያለው ማሽን ጊዜውን ጠብቆ፣ «ፍስስ!» ብሎ መለሰላቸው።

ለምን አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ አፌን ብከፍት የሚወጣው ቃል አይደለም። ስለዚህ በጸሎት የተመሰጥኩ መስዬ አቀረቀርኩ። አንዲት እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ይለቅሃል» አሉኝ።

የቀረው መጸዳጃ ቤቱ ነበር። «እንግዲህ መሸሸጊያው ይሄ ነው» አሉ አባታችን፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ በሩንም በመስቀላቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ጨለማ ነው። ድምፅ የለም። አንድ እርምጃ ገቡ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ዲያቆኑ እጁን ሰድዶ መብራቱን አበራ።

«ፍስስ!» ጢማቸው ላይ።

ጢማቸውን ዳሰሱ። እጃቸውን አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ግንባራቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። «ይሄማ» አሉ «መልካም መዓዛ አለው።» ያን ጊዜ አከራዬ ከሰሉን ጥለው እየሮጡ ደርሰው «ኧረ አባቴ ሽቶ ነው! ሽቶ!» ብለው ጮኹ።

የሚስቅም የሚናገርም ጠፋ። አባታችን ማሽኑን ከግድግዳው አውርደው አገላበጡት፣ ክዳኑን ከፍተው ጣሳውን አዩ፣ ዘጉት።

«ዋጋው ስንት ነው?»

«ምነው አባቴ?»

«ታክሲዬ ውስጥ ዶሮ የሚበላ ተሳፋሪ አለብኝ።»

ስሙን ይናገር ያሉት አሮጊት ግን እስከ ዛሬ አላመኑም። በመስኮት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጅራትም ነበረው ብለው ምለዋል።

በእሑዱ ቅዳሴ መስቀል ልሳለም ስቀርብ ከአባታችን ቀሚስ የታጠበ አንሶላ ሸተተኝ። እማዬ፣ ዕጣኑ መሀል አጥራችን መጣብኝ፤ እንባዬም አብሮ። እሳቸው ኃጢአቴ ቆጭቶኝ መሰላቸውና ስግደት ጨመሩልኝ። እንግዲህ ጉልበቴን ያመመኝ በአንቺ አንሶላ ነው።

የነዚህን ማሽኖች መላ ግን አግኝቻለሁ፤ ልጃችሁ ሰው አገር ሞኝ ሆኖ እንዳልቀረ ለእትዬ በለጡ ይነገርልኝ። ዓይናቸው ዝግታ አይወድም። ሌሊት ከፓርኪንግ ሥራ ስመለስ በሩን ቀስ፣ እግሬን ቀስ፣ ግድግዳውን ታክኬ ቀስ እያልኩ አንዱንም ሳልቀሰቅስ ክፍሌ እደርሳለሁ። ገባ ብሎ የሚያውቅ ፍጥረት የለም። ይህን የምነግራችሁ እንደ ድል ነው። አንድ ሌሊት ብቻ አከራዬ ውኃ ሊጠጡ ተነሥተው አንድ እግሬን አንሥቼ ቆሜ አገኙኝና ሪህ ነው ብለው የሚታሽ ቅባት ሰጡኝ። ቅባቱ ካምፎር ካምፎር ይላል። አሁን እኔ በሄድኩበት ማሽኑን አልፈልገውም።

እማዬ፣ በርበሬው ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ በፌስታል ጠቅልለሽው እንኳ የመንገደኛውን ሙሉ ልብስ በርበሬ በርበሬ አሰኝቶታል፤ ሰውየው ሠርግ ነበረበት። ቀጣዩን በቆርቆሮ አድርጊው። አልከሳሁም።

ደብዳቤውን ይዞ ለሚመጣው ሰው አንድ ማሽን ሰጥቼዋለሁ። ጣሳው እሳት የሚያነሣ ስለሆነ አውሮፕላን አያሳፍረውም፤ ስለዚህ የሚደርሳችሁ ባዶው ነው። ድንጋዩን ስታስገቡለት «ዝዝ» ይላል፣ ሽታ ግን የለውም። ጋሼ ታዬ ጫማውን የሚያወልቅበት ደፍ ላይ ስቀሉልኝ። ድምፁ ይበቃዋል፤ ሰው ከሆነ ይገባዋል። ከተቆጣ እትዬ በለጡ ናቸው የላኩት በሉት።

ናፋቂያችሁ