ሁሉ ለበጎ አይደለም

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በትዕግሥት የጠበቅሁት ሹመት ከእኔ በኋላ ለተቀጠረ አንድ ጎልማሳ በተሰጠ ጊዜ፥ ሊያጽናኑኝ የመጡት ወዳጆቼ ከደጃፍ ጀምረው «አይዞህ፥ ሁሉ ለበጎ ነው» እያሉ፥ የባለቤቴን ቡና እስከ በረካው ድረስ ጠጥተው በሄዱ ቍጥር፥ ከሹመቱ መቅረት ይልቅ ማጽናናታቸው ያመኝ ጀመር።

በዚህ ኀዘን ሳለሁ፥ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ በርካሽ የገዛሁት የጀርመናዊው ፈላስፋ የሾፐንሃወር ድርሳን ትዝ አለኝና ገለጥሁት። ላይብኒትስ የተባለው ሊቅ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ይችል ከነበሩት ዓለማት ሁሉ ይህች የኛዪቱ የተሻለችው ናት ብሎ ሲያስተምር፥ ሾፐንሃወር ግን፥ የለም፥ ጥቂት እንኳ ብትከፋ ኖሮ መቆም የማትችል፥ ከሁሉ የከፋችው ናት ሲል ይሟገታል። ወዳጆቼ ሳያውቁት የላይብኒትስ ደቀ መዛሙርት መሆናቸው ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ደስ ብሎኝም እራት አምጡልኝ አልሁ።

«ምን የምሥራች አነበቡ?» አለች ባለቤቴ።

«ዓለም የመጨረሻ ክፉ መሆንዋ ተረጋገጠ።»

«እንግዲያስ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ።»

(በልጅነቴ ከደብራችን መምህር አፍ መጽሐፈ መክብብ ሲተረጐም እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ያው ነገር ሾፐንሃወር የኖረባትን ፍራንክፈርትን ዞሮ ሲመጣ ግን ነቃሁ።)

ከትምህርቱም ይልቅ ያጽናናኝ የሾፐንሃወር ገድል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. የወጣው ታላቁ መጽሐፉ ገዢ አጥቶ ብዙው ቅጂ ውዳቂ ወረቀት ሆኖ ሲቀር፥ በማግሥቱም ዓመት በበርሊን ትምህርቱን ሆን ብሎ ዝነኛው ፈላስፋ ሄግል በሚያስተምርበት ሰዓት ላይ አድርጎ፥ ሕዝቡ ወደ ሄግል ሲጎርፍ እርሱ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሲቀር፥ ማንም «ለበጎ ነው» ያለው አይመስለኝም፤ ቢለውም በከዘራ ያባርረው ነበር። ደግሞም ሕይወት ከንቱ ናት ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው፥ በፍራንክፈርት በሸመገለባቸው ዓመታት፥ ዕለት ዕለት ዋሽንቱን ነፍቶ፥ እንግሊሸር ሆፍ በተባለው ሆቴል ምሳውን እስኪጠግብ በልቶ፥ «አትማ» ማለትም በሕንዶች የሊቃውንት ቋንቋ «ነፍስ» ብሎ የሰየመውን ውሻ አስከትሎ ይንሸራሸር ነበር። ተስፋ መቍረጥ የምግብ ፍላጎት የማይዘጋ መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

ሹመቱ አሁንም አልመጣም። መጽሐፉን ግን፥ «ሁሉ ለበጎ ነው» ማለት ከሁሉ ለሚያበዛው ወዳጄ ካዋስሁት ይኸው ስድስተኛ ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለቡና እንኳ አልመጣም።