የትንንሾቹ ቃላት ሥልጣን፦ በአንድ የስልክ ጥሪ ላይ የተመሠረተ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ይህ ጥናት የተጀመረው አጥኚው ባሕር ማዶ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ስለ ማመልከቻው ሊጠይቅ በደወለ ዕለት ነው። አጥኚው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ ጽፎ ያለፈ ሰው ስለሆነ ምንም ሥጋት አልነበረበትም።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ስሙን ሰማችና «ሆልድ ኦን» አለችው። ሆልድ መያዝ ነው፤ ኦን ላይ ነው። አጥኚው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ትንሽ ቆይታ «ሃንግ ኦን» አለችው። ሃንግ መንጠልጠል ነው። አጥኚው ይህን ትእዛዝ ከወንበሩ ሳይነሳ ለመፈጸም ተቸገረ። በሦስተኛው «አይል ፑት ዩ ስሩ» ብላ ሙዚቃ ለቀቀችበት፤ በምን ውስጥ እንደምታሳልፈው ግን አልነገረችውም። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ፤ ጥያቄውን እስከ ግማሽ ሰማ፤ ከዚያ መስመሩ ጸጥ አለ።

አጥኚው መዝገበ ቃላት ገለጠ። ለካስ መያዙም መንጠልጠሉም «ጠብቅ» ማለት ኖሯል፤ ሦስተኛው «ላገናኝህ» ነው። ሰውዬው ያደረገው ደግሞ «ሃንግ አፕ» ይባላል፤ ስልክ መዝጋት ነው። እንግዲህ «ሃንግ ኦን» አትዝጋ፣ «ሃንግ አፕ» ዝጋ ማለት ከሆነ፣ ይህን የሚያህል ጉዳይ የሚወስኑት ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት ናቸው። ስልክ ግድግዳ ላይ በነበረበት ዘመን መስመሩ የሚዘጋው ማዳመጫው መንጠቆ ላይ ሲሰቀል ነበር። መንጠቆው ከቀረ ቆይቷል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን የኪስ ስልኩን ዛሬም እየሰቀለ ይዘጋል።

የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት

ግስ ከእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመር «ሐረጋዊ ግስ» ይባላል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ባዕድ ሰውን ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ጥምረት መሆኑን ጽፏል። አጥኚው ገና አያት ቅድመ አያቶቹ ሳይወለዱ ያዘነለት ሰው መኖሩን ሲያውቅ ተጽናንቷል። ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1925 መጽሐፍ ያሳተመው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው፤ ስሙን ያቀበለው የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ ነበር። በመካከሉ 170 ዓመት አለ። ያን ሁሉ ዘመን ሕዝቡ ስሙን በማያውቀው ነገር ሲሰቃይ ኖሯል።

በሌላ በኩል ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን፣ ዓረፍተ ነገሩን በእንዲህ ያለ ትንሽ ቃል፣ በመስተዋድድ፣ ይጨርሳል ሲል ወቅሶታል። ተወቃሹ ከሞተ 35 ዓመት ሆኖት ስለነበር መልስ አልሰጠም። በዘመናችን ደግሞ ፒተር ጊሊቨር የተባለ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ባለሙያ «ራን» ለሚለው ግስ ብቻ 645 ትርጉም ለቅሞ መዝግቧል። ሥራው ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል፤ በዚህ ጊዜ ሌላው ሰው ልጅ ይወልዳል።

ግኝት አንድ፦ አቅጣጫ ምንም አይጠቁምም

ቤት «በርን ዳውን» ሲያደርግ ተቃጥሎ ወደ ታች፣ «በርን አፕ» ሲያደርግ ተቃጥሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ለባለቤቱ ሁለቱም ያው ናቸው። ቅጽ «ፊል ኢን» ቢሉት ይሞላል፤ «ፊል አውት» ቢሉትም ይሞላል። አንድ ቀን ንጋት ላይ የአጥኚው የሰዓት ደወል «ጎ ኦፍ» አደረገ፤ ጮኸ ማለት ነው። ወዲያው የቤቱ መብራት «ጎ ኦፍ» አደረገ፤ ጠፋ ማለት ነው። አጥኚው በአንድ ግስ ተቀስቅሶ በዚያው ግስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

ግኝት ሁለት፦ የመቀመጫ ደንብ

«ሉክ አፕ» ወደ ላይ ማየት ይመስላል፤ በተማሪ ቤት ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃል መፈለግ ነው። የሚፈለገው ነገር በስሙ ከተጠራ ከኋላም ከመሃልም መቀመጥ ይችላል። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሃል ብቻ ነው፤ «ሉክ ኢት አፕ» ይባላል እንጂ «ሉክ አፕ ኢት» አይባልም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ትንሹ ልጅ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል እንደሚሸጎጠው ነው።

ሌላ መስተዋድድ ሲጨመር ግን ረዳቱ በሩን ይዘጋል። «ሉክ አፕ ቱ» ማክበር ነው፤ የሚከበረው ሰው መጨረሻ ላይ ይጠብቃል እንጂ መሃል አይገባም። «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ ነው፤ የሚናቀውም እንዲሁ። እዚህ ላይ አጥኚው አንድ ነገር ልብ ብሏል። ከበላይ የሆነን ሰው ሲያዩ «ቱ» ብለው ወደ እሱ ይጠጋሉ፤ ከበታች የሆነውን ሲያዩ «ኦን» ብለው እላዩ ላይ ይቀመጣሉ። ለዚህ ሰዋስው ማስተማሪያ የሚሆን መሥሪያ ቤት አይጠፋም።

ግኝት ሦስት፦ የሥራ ክፍፍል

ሁለት ትንንሽ ቃላት ሲከታተሉ ሥራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከግሱ ጋር ተዋህዶ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ሁለተኛው ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው ወይም ነገር ጎትቶ ያመጣል። «ራን» ሮጠ ነው። «ራን አውት» አለቀ። ምን አለቀ ሲባል «ኦፍ» ይነሳና ስኳሩን ያቀርባል። «ፑት አፕ ዊዝ» ቻለ፣ ታገሠ ነው፤ «ዊዝ» የሚታገሡትን ጉድ ያስከትላል። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጣ ቀረ ነው፤ «ዊዝ» ጥፋቱን ይዞ ይመጣል፣ ቅጣቱን ይረሳዋል። በዚህ ሥርዓት ግሱ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይከበራል፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚሉት ግን በሩ ላይ የቆሙት ናቸው።

የውጭ ገምጋሚ አስተያየት

ጥናቱ እንግሊዝኛ የጤና ቋንቋ አይደለም ወደሚል ድምዳሜ እየተቃረበ ሳለ፣ ረቂቁን አማርኛ እየተማረ ያለ አንድ እንግሊዛዊ ጎረቤት አነበበው።

«ጋሼ፣ ፈረደለትና ፈረደበት ምንና ምን ናቸው?»

«አንዱ ረትቶ ቤቱ ይገባል፤ ሌላው ተረትቶ ወህኒ ይወርዳል።»

«ዳኛው ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«ግሱስ?»

«ግሱም ያው ነው። ለ እና በ ናቸው የተለወጡት።»

ጎረቤቱ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ዝም ያለ ሰው እንዴት «አለ» ሊባል እንደሚችል ጠየቀ። ቀጥሎም፣ አገሩን በለመደበት በመጀመሪያው ወር «ቁጭ በል» በተባለ ቁጥር እንደቆመ «ቁጭ» ይል እንደነበር፣ ሰዎቹም ደጋግመው «ቁጭ በል እንጂ» ይሉት እንደነበር ተናገረ። አጥኚው የጠረጴዛውን ጠርዝ አስታወሰ። ከላይ «ብቅ አለ» እና «ጸጥ አለ» ብሎ የጻፈውንም ሊሰርዝ አስቦ፣ የሚተካው ስላጣ ትቶታል።

የውጤት ትንተና

አጥኚው ያን የስልክ ጥሪ ለጎረቤቱ በእንግሊዝኛ ሲያጫውተው በ«ሂ» (እሱ) ጀምሮ በ«ሃንግ አፕ» ጨረሰ። ጎረቤቱ አረመው፤ እዚያ ላይ «ኦን ሚ» መጨመር አለበት። ያለ «ኦን» ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ስልክ ዘጋ፤ በ«ኦን» ግን አንተ እያወራህ ፊትህ ላይ ዘጋው። አጥኚው በአማርኛ ሞከረው። ዘጋ። ዘጋብኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ቅሬታ በሙሉ የተጫነው በ«ብ» ላይ ነው። «ኦን» ለብቻው ቆሞ የሚሠራውን ሥራ የእኛው «ብ» ግሱ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይሠራዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የእነሱ በር ጠባቂ ደጅ ላይ ይታያል፣ የእኛ ከውስጥ ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ

ተማሪ ግሱን ለብቻው፣ መስተዋድዱን ለብቻው ባይሸመድድ ይመከራል። ግሱን ከነአጃቢዎቹ እንደ አንድ ቃል ይያዘው፤ ትልቅ ሰው ሲጋበዝ ከነተከታዮቹ እንደሚቆጠር ማለት ነው።

ሰውዬው ስልኩን ሆን ብሎ ዘግቶ ይሁን መስመሩ ራሱ ተቋርጦ እስካሁን አልተለየም። አጥኚው መልሶ በመደወል ሊያጣራ ዝግጅቱን ጨርሷል። ካርድ አልቆበታል።