አባቷ ተሾመ፣ እሷ ነገሠች

ወረታ፣ የጎንደር መንገድ ዳር፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ። ሦስት ሆነን ጆንያችን ላይ ተቀምጠናል። መብራት ከሄደ ሰዓት አልፎታል። መብራት ሲሄድ በእኛ ከተማ የማይቆም አንድ መፈልፈያ አለ፤ እሱም አፍ ነው። ገለባውን ከፍሬው አይለይም እንጂ ሥራ አይፈታም።

ባጃጅ ነጂው ሲሰለቸው ስልኩን ከፍቶ "ቢግ ቢግ ወርልድ" የሚባለውን ዘፈን ለቀቀብን። "ትልቅ ትልቅ ዓለም" ማለት ነው ብሎም ተረጎመልን።

"ምነው ሁለት ጊዜ ትልቅ አለችው?" አሉ ከጅግና ሩዝ ይዘው የመጡት አያ።

"አንዱ ለሀብታም፣ አንዱ ለድሃ ነዋ!"

"ውሸትክን ነው። የድሃ ዓለምማ ያንተ ባጃጅ የኋላ ወንበር ናት። እሷንም ለአራት ነው የምታካፍለን።"

ባጃጁ ሳቀና እጁን ዘረጋ። "ዘፈን በነፃ አሰማሁዎት፤ ወሮታዬስ?"

"ወረታ ላይ ተቀምጠህ ወሮታ ትጠይቀኛለህ? ከተማዋን እንዳለች ውሰዳት። ይልቅ ይቺ ዘፋኝ የማን ልጅ ናት?"

እዚህ ላይ ነው እኔ አዋቂ መስዬ የገባሁት። ኤሚሊያ ትባላለች፤ ስዊድናዊት ናት፤ ይህን ዘፈን በ1998 በፈረንጅ አቆጣጠር አወጣችው፤ በስዊድን፣ በጀርመንና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች አንደኛ ሆነ፤ እንግሊዝ አገር 5ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ አልኳቸው።

"የማን ልጅ ናት ነው ያልኩህ። ደረጃዋን አልጠየቅሁህም።"

"የተሾመ ምትኩ።"

አያ ከጆንያቸው ላይ ብድግ አሉ። "ተሾመ! ምትኩ! ታዲያ ይቺ ልጅ እስካሁን ስዊድን ምን ትሠራለች?"

ተሾመ ምትኩ ማን እንደሆነ ለማስረዳት ድምፄን ጠረግሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባን ካስጨፈሩት ወጣቶች አንዱ ነው፤ ሶል ኤኮስ ከሚባለው ባንድ ጋር ይዘፍን ነበር፤ ወንድሙ ቴዲ ምትኩም ሙዚቀኛ ነበር። ተሾመ በፈረንጅ 1970 አገሩን ጥሎ ወጣና ስዊድን ከረመ። "ጋራ ሥር ነው ቤትሽ" የእሱ ዘፈን ነው።

"እንግዲያ የፎገራ ሰው አይደለም፤" አሉ አያ በቁርጥ። "ፎገራ ጋራ የት አለና ነው? ርብና ጉማራ ሲሞሉ ቤታችን የሚያድረው ውሃ ሥር ነው።"

"ውሃ ሥር ነው ቤትሽ ብሎ ቢዘፍን ማን ይሰማው ነበር?" አለ ባጃጁ።

"ዓሣ።"

ጨዋታው ወደ ልደቷ ዞረ። የተወለደችው ስቶክሆልም ነው፤ እናቷ ስዊድናዊት ናት፤ ቀኑ በፈረንጅ ጥር 5፣ 1978። ባጃጁ በስልኩ ወደ እኛ ቀን ቢመልሰው ታኅሣሥ 27፣ 1970 ዓ.ም. ሆነ። አያ ይህን ሲሰሙ ያን ጊዜ ነው ልጅቷን ጠቅልለው የወሰዷት። "ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው! በመድኃኔ ዓለም! እኔኮ ዓለም ዓለም የምትለው ከየት አምጥታ ነው እያልኩ ነበር።"

"አያ፣ ስዊድኖች መድኃኔ ዓለምን በ27 አያከብሩም።"

"እሷን ማን ጠየቃት? የተወለደች ዕለት ገና አፏን አልፈታችም።"

ዘፈኑን አብሯት የደረሰው ላርስ አንደርሰን እንደሚባል፣ አባቱ ስቲግ አንደርሰን ደግሞ የአባ ሥራ አስኪያጅ እንደነበር ስነግራቸው ግን ነገር ተበላሸ።

"አባ ማን?"

"አባ ብቻ። የዘፋኞች ቡድን ነው። በፈረንጅ 1974 የዩሮቪዥንን የዘፈን ውድድር አሸንፈው ዓለምን አዳረሱ። ሁለት ባል፣ ሁለት ሚስት ነበሩ፤ ኋላ ሁለቱም ጥንዶች ተፋቱ።"

"አባ ተብሎ ፍቺ! የእኛ አባ እኮ ሥራቸው ማስታረቅ ነው።"

"ከዚያ በኋላስ ሌላ ዘፈን የላትም?" አለ ባጃጁ፣ ስልኩ ላይ ያለው ያው አንዱ ነውና። አላት። በፈረንጅ 2007 በስዊድንኛ አንድ አልበም አወጣች፤ ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ "ትንንሽ የፍቅር ቃላት" ነው።

"ትልቅ ትልቅ ዓለም ብላ ጀምራ ትንንሽ ቃላት ላይ ደረሰች በለኛ!"

"ሁላችንም እንዲያው ነን፤" አሉ አያ። "እኔም በ20 ዓመቴ ጣናን በእግሬ አቋርጣለሁ የምል ነበርኩ። አሁን ከሚስቴ ጋር የቀረችን ቃል 'ቡና ፈላ?' ናት። እሷንም አንዳንድ ቀን በቅንድቤ ነው የምላት።"

በፈረንጅ 2010ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪድበርግ የሚለውን የቤተሰብ ስሟን ትታ ኤሚሊያ ምትኩ ተብላ ብቅ አለች። የአልበሙ ርዕስ "ያንተ ነኝ" ነው፤ "ያንቺ ነኝ"ም ይሆናል፤ እንግሊዝኛ እንደሆነ ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ አይለይም።

"ብዙም ይሆናል አልክ?" አያ ጣታቸውን ቀሰሩ። "እንግዲያ 'የእናንተ ነኝ' ነው ያለችው! ስሟን ወደ ምትኩ መልሳ፣ የእናንተ ነኝ ብላ፣ እኛ እዚህ መብራት እንጠብቃለን። ተቀባይ እንኳ አልላክን!"

ባጃጁ ግን ነገር አልጠፋውም። "ምትኩኮ አያቷ ናቸው። በእኛ ደንብ ኤሚሊያ ተሾመ ነው የምትባለው። አባት ተዘሎ አያት ይጠራል?"

እውነቱን ነው። ፈረንጅ አገር የደረሰ አበሻ ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጁም ያንኑ ይወርሳል። መሃል ላይ ያለው አባት ኤርፖርት ላይ እንደተረሳ ሻንጣ ነው። ተሾመ ዘፈነ፣ ተሰደደ፣ ወለደ፤ ስሙን ግን ምትኩ ተካው።

እኔ ክርክሩን ልዘጋው ፈለግሁ። ጆንያውን መታ መታ አድርጌ፣ "አያ፣ ይህ ሩዝ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"ኤክስ-ጅግና። የቀበሌዬን ስም እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ሩዝ እዚህ የገባው በደርግ ጊዜ፣ ከሰሜን ኮሪያ ሰዎች ጋር ነው። የእርስዎ አባት ይህ ሜዳ ላይ ከብት ያግዱ፣ ጓያ ይዘሩ ነበር እንጂ ሩዝ አያውቁም። የባሕር ማዶ ዘር መጥቶ በጅግና ጭቃ ቢበቅል የጅግና ተባለ፤ ዛሬ የሩዝ ምርምር ማዕከል ወረታ ላይ ተተክሏል። እንግዲያ ስቶክሆልም በቅላ ስቶክሆልም ያፈራችው ልጅ የእነሱ ናት። ዘር ሳይሆን አፈር ነው ስም የሚያወጣ።"

ባጃጁ "አሁን ተያዙ!" ብሎ አጨበጨበ። አያ አልቸኮሉም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው መዳፋቸው ላይ አሹት፣ እፍ ብለው ገለባውን አበረሩት።

"ኤክሷን ዘለልካት፤" አሉኝ። "ኤክስ-ጅግና ነው ያልኩህ። እኛ አባቱን ባናውቀው እንኳ ከስማችን ፊት ኤክስ አድርገን ቦታውን ጠብቀንለታል። እነዚያ ስዊድኖችህ ለተሾመ ምን አደረጉለት?"

መልስ ስፈልግ መብራት መጣ። መፈልፈያው አጓራ፤ ወረፋውም የአያ ነበር።